ፍራፍሬ በጠርሙስ ሲታሸግ እንዳይጠቁር

ፍራፍሬን በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት ከቤት አስተዳደር ሙያዎች አንዱ ነው። ፍሬ በተትረፈረፈበት ወራት በርካሽ የተገዛውን፥ ፍሬ በጠፋበት ወራት ከገበታ ላይ ለማቅረብ ያስችላል፤ የቤቱንም ወጪ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ይህን ሙያ የጀመሩ ብዙ ሰዎች ገና በመጀመሪያው ቀን ተስፋ የሚቆርጡበት አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም ተልጦና ተቆርጦ የተቀመጠው ነጭ ፖም ወይም ወርቃማ ኮክ፥ ስኳሩ በውሃ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ እንኳ ሳይታገሥ፥ ቡናማ መልክ ይዞ መጥቆሩ ነው። የቤቱ እመቤትም ፍሬው የተበላሸ ይመስላትና አውጥታ ትጥለዋለች። በዚህ ጽሑፍ የፍሬው መጥቆር ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል እንገልጻለን። ከዚህም ጋር የፍሬው መልክ አንድ ነገር፥ የፍሬው ደኅንነት ግን ሌላ ነገር መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የናይሮቢ ገበያና በረከቱ

በናይሮቢ የምንኖር ሰዎች ስለ ፍራፍሬ እጥረት የምናማርርበት ምክንያት የለንም። እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፥ ዙሪያዋን በቆላና በደጋ አትክልት የተከበበች ናት። ማንጎው ከማቻኮስና ከማኩዌኒ፥ አቮካዶው ከሙራንጋ፥ ሙዙ ከሜሩና ከኪሲ፥ አናናሱ ከቲካ ይመጣል። ኮክ፥ ፒርና ፕሪም የሚባሉት ደገኞች ፍሬዎች ደግሞ ከሊሙሩና ከኪናንጎፕ ይወርዳሉ። ፖም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። ሕዝቡ ማሪኪቲ እያለ በሚጠራው በዋኩሊማ ገበያ፥ ጎሕ ሳይቀድ የደረሰ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከምሮ ያገኘዋል። ዋኩሊማ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ ገበሬዎች ማለት ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ማንጎ በየመንገዱ ዳር ይከመራል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ወዲያው ግን ወራቱ ያልፍና ፍሬው ይወደዳል። በኪሊማኒ፥ በሀርሊንግሃምና በኢስትሊ የሚኖሩ የሀገራችን ቤተሰቦችም እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ በርካሹ ወራት ገዝተው ለውዱ ወራት ለማቆየት መሻታቸው የተገባ ነው። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ የመጥቆር ነገር የሚያጋጥማቸው።

ሦስት ቃላት፥ ሦስት ነገሮች

አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን በዚህ ረገድ ቋንቋው ራሱ የሚሰጠውን ትምህርት እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ስለ ፍሬ ስንናገር «ጠቆረ» እንላለን፤ «ሻገተ» እንላለን፤ «በሰበሰ» እንላለን። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ጠቆረ ማለት መልኩ ተለወጠ ማለት ነው። ሻገተ ማለት በላዩ ሻጋታ አበቀለ ማለት ነው። በሰበሰ ማለት ደግሞ ሥጋው ፈርሶ፥ ሽታውም ተለውጦ ከምግብነት ወጣ ማለት ነው። የሻገተና የበሰበሰ ፍሬ የሚበላሸው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሥራ ነው። ተልጦ ገና አሁን የጠቆረ ፍሬ ግን ምንም ተሐዋሲ አልነካውም፤ ያጠቆረው የራሱ የፍሬው ጠባይ ነው። ስለዚህ «ጠቆረ» የሚለውን ቃል «በሰበሰ» በሚለው ቦታ የሚያስገባ ሰው የሚሳሳተው በሰዋስው ብቻ ሳይሆን በኪሱም ጭምር ነው።

መጥቆር ከምን ይመጣል?

የፍሬ ሥጋ ሕዋሳት ከተባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱም ሕዋስ በውስጡ እንደ ልዩ ልዩ ጓዳ የተከፋፈለ ነው። በአንደኛው ጓዳ ፌኖል የሚባሉ ቀለም አልባ ነገሮች ይኖራሉ፤ በሌላው ደግሞ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይቀመጣል። ኢንዛይም ማለት በሕያዋን ነገሮች ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥና ሥራውን የሚያፋጥን ኃይል ያለው ንጥረ ነገር ነው። ፍሬው ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለቱ አይገናኙም። ቢላዋ ሲያርፍበት ወይም ወድቆ ሲቀጠቀጥ ግን የጓዳዎቹ ግድግዳ ይፈርሳል። ያን ጊዜ ኢንዛይሙና ፌኖሉ ይገናኛሉ፤ ከአየሩም ኦክሲጅን ይገባል። ከእነዚህ ከሦስቱ መገናኘት ቡናማው ቀለም ይወለዳል።

ይህ ነገር ሁልጊዜ የሚጠላ አይደለም። በኬንያ ምድር ሰዎች ዐውቀው የሚያስደርጉት ታላቅ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። በሊሙሩ የሻይ ችግኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ ዛሬም የሊሙሩና የኬሪቾ ኮረብታዎች በሻይ ቅጠል ተሸፍነው ይታያሉ። አረንጓዴው ቅጠል በፋብሪካው መኪና ተጨፍልቆ አየር እንዲያገኘው ሲደረግ እየቀላና እየጠቆረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በእሳት ትኩሳት ይደርቃል። ጽዋችን ውስጥ የምናየው የሻይ መልክ የሚገኘው እንዲህ ነው። ቅጠሉን የሚያቀላው ኢንዛይም ፖማችንን ከሚያጠቁረው ጋር አንድ ወገን ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚያዘጋጁት ደግሞ ቅጠሉን ገና በጥዋቱ በእንፋሎት ወይም በጋለ ብረት ምጣድ ያሞቁታል፤ ኢንዛይሙ በትኩሳት ስለሚሞት ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል። ፍሬ የሚያሽግ ሰው ሊከተል የሚገባው የአረንጓዴ ሻይ ሠሪዎችን ዘዴ ነው።

ፖም፥ ፒር፥ ኮክ፥ ሙዝና አቮካዶ ፈጥነው ይጠቁራሉ። ብርቱካንና ሎሚ ግን ተቆርጠው ቢያድሩም እንዲህ አይሆኑም። ምክንያቱ ብዙ አሲድና ብዙ ቪታሚን ሲ ስላላቸው ነው። አሲዱ ኢንዛይሙን ያደክመዋል፤ ቪታሚን ሲ ደግሞ ኦክሲጅኑ የሠራውን ለውጥ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የቪታሚኑ መገኘት ታሪክም ከዚሁ ከፍሬ መጥቆር ጋር የተያያዘ ነው። የሃንጋሪው ተወላጅ አልበርት ሴንት ጂዮርጂ፥ አንዳንድ ዕፅዋት ሲቆረጡ የሚጠቁሩበትን፥ ሌሎቹ ግን የማይጠቁሩበትን ምክንያት ሲመረምር ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ነጭ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ይህ ነገር ቪታሚን ሲ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ በፖም ላይ ሎሚ የምትጨምቅ እናት በጓዳዋ የምታደርገው ሥራ ከታላቅ የምርምር ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል።

እናቶች የሚያውቁት

በቅርቡ በሀርሊንግሃም በሚገኝ በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነውን እንጥቀስ። የቤቱ እመቤት አንድ ትልቅ ገበቴ ሙሉ ፒር ልጣ ከጨረሰች በኋላ ለስልክ ወጣች፤ ስትመለስ ሁሉም ጠቁሮ አገኘችው። ልትደፋው ስትነሣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት እናቷ እጇን ያዟት።

«ልጄ፥ ድንች ስትልጪ ውሃ ውስጥ የምትጨምሪው ለምንድን ነው?» አሏት።

«እንዳይጠቁር ነዋ፥ እማዬ።»

«ከጠቆረብሽስ ትደፊዋለሽ?»

«ኧረ አልደፋም፤ ወጥ እሠራበታለሁ።»

«እንግዲያው ፒሩ ምን በደለ? በይ ስኳርና ሎሚ አምጪ፤ ማርማላታ እናድርገው።»

እንዳሉትም ሆነ። ማርማላታ ሲፈላ መልኩ መጥቆሩ ያለ ነውና፥ የፒሩ ቡናማነት ምንም አላስነወረውም። እናቲቱ ኢንዛይም የሚለውን ቃል አልሰሙም ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃ አየርን እንደሚከላከልና ጠቆረ ማለት በሰበሰ ማለት እንዳልሆነ ከእናታቸው ተምረዋል።

ለመከላከል የሚረዱ ዘዴዎች

ንጹሕ ውሃ ብቻውን መጥቆርን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ቪታሚን ሲ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት፥ ማለት 3 ግራም ያህል፥ በአራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ዱቄቱ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት ባለ 500 ሚሊግራም ስድስት ክኒን ገዝቶ ማድቀቅ ነው። ፍሬው እንደ ተላጠ ወዲያው በዚህ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ለማብሰል ሲደርስም ተጠልሎ ይወጣል።

የሎሚ ጭማቂ ሁለተኛው ነው። ለአራት ሊትር ውሃ የአንድ ስኒ ሦስት አራተኛ ጭማቂ ይበቃል፤ ኃይሉ ግን ከቪታሚን ሲ ያንሳል፤ ጣዕሙንም ለፍሬው ያካፍለዋል። ሦስተኛው በዱሮ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው የጨውና የኮምጣጤ ውሃ ነው። ለአራት ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨመርበታል። በዚህ ውሃ ውስጥ ፍሬው ከ20 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም፤ ሲወጣም በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ ጨው ጨው ይላል።

የምንሠራበት ዕቃም ሊታሰብበት ይገባል። የሚዝግ ብረትና መዳብ መጥቆርን ያብሳሉ። የብረት ዝገት በፍሬው ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ቀለም ይወጣል፤ አውሮፓውያን በዱሮ ዘመን የጽሕፈት ቀለም የሚሠሩት ከዚሁ ከብረትና ከታኒን ነበር። ስለዚህ ቢላዋውም ድስቱም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን። ደግሞም ሃያ ኪሎ ፍሬ በአንድ ጊዜ ልጦ ከመከመር፥ ለሁለት ለሦስት ጠርሙስ የሚበቃውን ብቻ እየላጡ መሥራት ይሻላል። አንዱ ሲልጥ ሌላው ቢቆርጥ፥ ሥራውም ይፈጥናል፤ ቤተሰቡም አብሮ ይውላል።

እሳትና ጠርሙስ

እስካሁን የተናገርነው ፍሬው ድስት እስኪገባ ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። ኢንዛይሙን ፈጽሞ የሚገድለው ግን ትኩሳት ነው። ስለዚህ ፍሬውን ጥሬውን በጠርሙስ ከመጠቅጠቅ፥ አስቀድሞ በስኳር ውሃ ማፍላት ይመረጣል። ፖምና ፒር 5 ደቂቃ ይፈላሉ፤ ኮክ አንድ ጊዜ እስኪገነፍል ብቻ ይበቃዋል። መፍላቱ ኢንዛይሙን ከመግደሉም በላይ በፍሬው ሥጋ ውስጥ የተደበቀውን አየር ያስወጣል።

ከዚህ በኋላ ፍሬው እንደ ጋለ በጋለ ጠርሙስ ይሞላል፤ የፈላውም የስኳር ውሃ እስኪሸፍነው ድረስ ይፈስበታል። ከላይ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል። ቀጭን የእንጨት ማንኪያ በጠርሙሱ ዳር ዳር አስገብቶ የአየሩን አረፋ ማስወጣትም አይረሳ። ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ፍሬ ብቻ ጠቁሮ የሚታየው፥ የስኳር ውሃው ስላልሸፈነው ወይም አየር ስለቀረበት ነው። ከዚያም አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ በአዲስ ክዳን ይዘጋል፤ ውሃው ከክዳኑ በላይ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥም ይቀቀላል።

በጠርሙስ አሽጎ የመቀቀልን ዘዴ በመጽሐፍ ለዓለም የገለጸው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1810 ነበር። እርሱ በሠራበት አገርና በእኛ አገር መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እርሱም የቦታው ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ ባለችው በሞምባሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በናይሮቢ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የደጋው ውሃ እየተንተከተከ ሳለ ትኩሳቱ ከቆላው ያነሰ ነውና፥ ጊዜው ሊረዝም ይገባል።

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ አስቀድሞ የፈላ ፒር ወይም ኮክ በባሕር ጠረፍ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ 20 ደቂቃ፥ በአንድ ሊትር ጠርሙስ 25 ደቂቃ ይቀቀላል። እንደ ናይሮቢ ባለ ከፍታ 30 እና 35 ደቂቃ ይሆናል። ከ1,830 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ፥ ማለት በሊሙሩም ሆነ በአዲስ አበባ፥ 35 እና 40 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ፖም በሁለቱም ዓይነት ጠርሙስ በጠረፍ 20፥ በናይሮቢ 30፥ ከዚያ በላይ ባለው ደጋ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚቆጠረውም ውሃው መፍላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከጠረፍ አገር የመጣ የምግብ መጽሐፍ የያዘ ሰው ይህን ልዩነት ሳያስተውል የታተመውን ደቂቃ ብቻ እንዳይከተል እንመክራለን።

መልኩ ያማረው ሁሉ ደኅና አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። ከላይ በጠቀስነው ቤት ውስጥ፥ ፒሩ ሊደፋ በነበረበት በዚያው ቀን፥ በመደርደሪያው ላይ ሦስት የሙዝ ጠርሙሶች ተደርድረው ነበር። ሙዙ በሎሚ ውሃ ተነክሮ የታሸገ ስለሆነ ነጭነቱ አልተለወጠም፤ እንግዶችም ሁሉ ያደንቁት ነበር። ነገር ግን መጣል የነበረበት እርሱ ነበር። የቤቱ እመቤት ነገሩ ከተብራራላት በኋላ ሦስቱንም ሳትከፍት አሽጋ አስወገደቻቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ተሐዋሲ በአፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ዘሩ በሚፈላ ውሃ አይሞትም። አየር በሌለበትና አሲዱ አነስተኛ በሆነ ምግብ ውስጥ ሲታሸግ ይበቅላል፤ ነርቭን የሚያሰናክልና የሚገድል መርዝም ይሠራል። የአሲድ መለኪያው ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ግን ሊበቅል አይችልም። ፖም፥ ፒር፥ ፕሪምና ቢጫ ኮክ ከዚህ በታች ስለሆኑ በሚፈላ ውሃ ብቻ ሊታሸጉ ይችላሉ። ሙዝ፥ አቮካዶና ፓፓያ ግን አሲዳቸው አነስተኛ ነው። ሥጋው ነጭ የሆነ ኮክም እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል በጠርሙስ አይታሸግም። ማንጎ ቢታሸግ ገና ያልበሰለው ጠንካራው ይመረጣል፤ እየጣፈጠ ሲሄድ አሲዱ ይቀንሳልና። እነዚህን ለማቆየት የሚሻ ሰው ከትንሽ የሎሚ ጭማቂ ጋር አላቁጦ በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያኖራቸው፥ መልካቸውም አይለወጥም፤ ሥጋትም አይኖርበትም።

ፍሬን በሎሚ ወይም በቪታሚን ሲ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር የላዩን መልክ ይጠብቃል እንጂ የውስጡን አሲድ እስኪበቃ ድረስ አያሳድገውም። እነሆ፥ ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መልኩ ነጭ ሆኖ የቆየውን «ዳነ» ይላል፤ የጠቆረውን ደግሞ «ሞተ» ይላል። ስለዚህ ከማሸግ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ፍሬ ይጠቁራል ወይ?» የሚል ሳይሆን «ይህ ፍሬ በጠርሙስ ሊታሸግ ይገባዋል ወይ?» የሚል ነው።

ስለ አቀማመጥና ስለ ምልክቶች

የታሸገው ጠርሙስ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ፤ ቀኑም ይጻፍበት። በብርሃንና በሙቀት ስፍራ የተቀመጠ ፍሬ ኢንዛይሙ ሞቶ እያለ እንኳ ወራት ሲያልፉ ቀስ እያለ ይጠቁራል። አንዳንድ ጊዜም ፒር በጠርሙስ ውስጥ ወደ ቀይ ያደላ መልክ ይይዛል፤ ይህ ከመጠን በላይ ትኩሳት ሲያገኘው ከታኒኑ የሚመጣ ነው፤ በትክክል ከታሸገ ጉዳት የለውም።

ነገር ግን ክዳኑ ወደ ላይ ያበጠ፥ ሲከፈት ጋዝ የሚተነፍስ፥ ውሃው የደፈረሰ፥ የሻገተ ወይም ሽታው የተለወጠ ጠርሙስ ሳይቀመስ መወገድ አለበት። የቦቱሊነም መርዝ ያለ ምንም ምልክት ሊኖር ስለሚችል፥ በትክክለኛው ጊዜ ያልተቀቀለውን ጠርሙስ መልኩን አይቶ ማመን አይገባም። «ትንሽ ቀምሼ ልየው» ማለትም ብልኅነት አይደለም።

በጥቂት ሽልንግ የሚገኝ ክኒን፥ የማይዝግ ቢላዋ፥ ሰዓትና ትዕግሥት ካሉ ማንም ቤተሰብ ይህን ሙያ ሊለምደው ይችላል። ፍሬውን የጫነው ገበሬ ደክሞበታል፤ የገዛነውም ገንዘብ በድካም የተገኘ ነው። እንግዲህ ጠቆረ ብለን ደኅናውን አንጣል፤ አማረ ብለንም የማይገባውን ለልጆቻችን አናቅርብ።